የዕቅድ ውይይት፦ የ60 መደርደሪያ ጨረታ፣ ባለ አክሪሊክ ቶፕ

ሰብሳቢ (ሰኞ 3፡10)
ጨረታው ሐሙስ 8 ሰዓት ይዘጋል። 60 መደርደሪያ ለመድኃኒት መደብሮች፤ ቶፑ 1200 በ400 ሚሊ፣ ግልጽ አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ)። ማንም ለብቻው አይችለውም፣ በማህበሩ ስም እንግባ። ፍሬም ሼድ 3፣ ቆረጣ ሼድ 7፣ ገጠማ ሼድ 9። የአክሪሊኩን ፕሮፎርማ ማን ያምጣ? ያለፈውን ክፍፍል እዚህ አታንሱ።

ሼድ 5 (3፡14)
እኔ አመጣለሁ። ነገ ጠዋት መርካቶ ነኝ።

ሼድ 7 (3፡31)
8 ሚሊ ካስት (በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ) ካልሆነ ሌዘሩ ላይ አላወጣም። ኤክስትሩድዱ (በማሽን ተገፍቶ የወጣው) ሲቆረጥ ይቀልጣል፣ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ውጥረትም ይብሳል። ሺቱ 1220 በ2440 ነው፣ የማሽኔ አልጋ 1300 በ900። ስለዚህ መጀመሪያ በመጋዝ ሦስት ቦታ ይከፈላል። መጋዙ በየቁርጡ 3 ሚሊ ሲበላ እያንዳንዱ 1220 በ811 ይሆናል፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ቶፕ ይወጣል። ከአንድ ሺት 6፣ ለ60 ልክ 10 ሺት። ለብልሽት አንድ ጨምሩ። ሺቱ 28 ኪሎ ይመዝናል፣ ጠርዙን ሳያስመታ ለሁለት ይያዝ።

ሼድ 9 (3፡40)
ቶፑ ከፍሬሙ 20 ሚሊ ወደ ፊት ወጣ ቢል ያምራል። 420 ይሁን።

ሼድ 7 (3፡42)
420 ከሆነ ከሺቱ 5 ብቻ ነው የሚወጣው። 12 ሺት ማለት ነው። ለ20 ሚሊ ውበት 2 ሺት? አይሆንም።

ሰብሳቢ (3፡50)
400 ይቆይ።

ሼድ 3 (4፡05)
ፍሬሙ ከ20 በ20 ቱቦላሬ፣ ከቶፑ ሥር በየ400 ሚሊ ተሻጋሪ ብረት። ይህን ለመቀነስ ማንም እንዳይጠይቀኝ። ድጋፍ የሌለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መርገቡ 16 እጥፍ ነው፤ ዕቃ ተጭኖበት ወራት ሲቆይ ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል። በመስታወት ልምዳችሁ አትለኩት፣ መስታወት ከአክሪሊክ ከ20 እጥፍ በላይ ግትር ነው።
ለ5 ሚሊ ብሎን ቀዳዳው 8 ይሁን። የ1200 ቶፕ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ 1.7 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። መሃል ያለው ቀዳዳ ብቻ ጠበቅ ይበል። ሾጣጣ ራስ ያለው ብሎን ክልክል ነው፣ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ጠፍጣፋ ራስ፣ ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው ሥር ጎማ፤ ጠብቆ ሲነካ ሩብ ዙር መመለስ። ቀዳዳውን ሼድ 7 ከቆረጣው ጋር ታውጣው። በትራፓኖ ከሆነ የብረት ፑንታ መውጫው ላይ ይነክሰውና ከሥር ይፈነጥቃል።

ሼድ 11 (4፡20)
መድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚወለወለው በአልኮል ነው። በሌዘር የተቆረጠ አክሪሊክ ጠርዝ አልኮል ሲነካው ይሰነጠቃል። ይህ ሳይፈታ ዋጋ አይገባም።

ሼድ 9 (4፡26)
እኔ የምገጥመው ከአክሪሊኩ ላይ ያለው መከላከያ ላስቲክ ሳይላጥ ነው። ላስቲኩን ደንበኛው ራሱ ይላጠው። ጭረት ቢገኝ በኔ እንዳይመጣ።

ሼድ 3 (4፡33)
ከነላስቲኩ ማሰር አይቻልም። ሮንዴላው ሥር የተያዘ ላስቲክ ሲላጥ ይቀደድና ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ያን ለማውጣት 60 ቶፕ ሙሉ ብሎን መፍታት ነው።

ሼድ 9 (4፡35)
በቀዳዳው ዙሪያ ብቻ በምላጭ ቆርጦ ማንሳት ይቻላል።

ሼድ 7 (4፡41)
ምላጭ? በአክሪሊክ ላይ? የምላጭ ጭረት ከማንም ጭረት በላይ ይታያል፣ ስንጥቅም የሚነሳው ከዚያው ነው። የሥሩ ላስቲክ ፍሬሙ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሙሉ በሙሉ ይላጣል። የላዩ ከየቀዳዳው ዙሪያ 3 ሳንቲ ታጥፎ ይመለሳል፣ ብሎኑ ይታሰራል፣ ርክክብ ቀን ይላጣል። ሲላጥ ቀስ ብሎ ነው። በአንዴ ከተሳበ አቧራ ይስባል፣ ያን አቧራ በደረቅ ጨርቅ የጠረገ ሰው ራሱ ጫረው ማለት ነው።

ሼድ 2 (4፡48)
ርክክብ ቀን የሚለው ላይ አልስማማም። መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ ሳምንታት ከቆየ ሙጫው ይጋገራል። ያኔ በነጭ ጋዝ እያራሱ ማንሳት ነው፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ ማጠብ። ቲነር የሚያነሳ ሰው ካለ ደግሞ ቶፑ ያበቃለታል።

ሼድ 9 (4፡52)
ባለፈው ሥራ ጭረቱ በማን እንደተሳበበ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ11 ቶፕ ዋጋ የተቆረጠው ከኔ ድርሻ ነው። ላስቲኩ ላይ ፊርማ ካልተደረገ አልገጥምም፣ በቃ።

ሼድ 7 (4፡54)
ባለፈው የተጫረው ቶፕ ለቶፕ ያለ ወረቀት ስለተደራረበ ነው። በማን መኪና እንደሄደ ልናገር?

ሼድ 9 (4፡55)
ተናገሪ።

ሰብሳቢ (5፡02)
ሁለታችሁም ተዉት። ዕቅዱ ላይ ይህ ይጻፍ፦ የሥሩ ላስቲክ ሼድ ውስጥ፣ የላዩ ደንበኛው ፊት ይላጣል፤ እያንዳንዱ ቶፕ በዚያው ቅጽበት ታይቶ ይፈረምበታል። ሲጓጓዝ በመካከሉ ካርቶን ይግባ፣ በቁመት ይደርደር።

ሼድ 9 (5፡20)
የሚፈርመው ማን ነው? የመደብሩ ሠራተኛ ወይስ የግዥ ኃላፊው?

ሼድ 2 (5፡23)
12 መደብር ነው፣ ኃላፊው ሁሉም ጋ አይዞርም።

ሼድ 9 (5፡25)
እንግዲያ ያው ነው፣ ማንም ሳይፈርም ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ (ማክሰኞ 9፡15)
ሼድ 5፣ ፕሮፎርማው የታል? ስልክ አይነሳም። ያለ ፕሮፎርማ ሲፒኦውን (ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው የባንክ ክፍያ ማዘዣ) በስንት ላሠራ?

ሼድ 11 (9፡40)
ስለ ላስቲክ አንድ ቀን ሙሉ አለፈ፣ የጠየቅኩትን ማንም አልመለሰም። ሼድ 7፣ ከማሽንሽ ሥር ካለው ቁራጭ አንድ አንሺ። ሁለት ጫፉን እንጨት ላይ አሳርፊ፣ መሃሉ ላይ ክብደት ጫኚ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በአልኮል ጥጥ ጥረጊው። በሩብ ሰዓት ውስጥ እዪው።

ሼድ 7 (10፡30)
አየሁት። ካስት ነው፣ 8 ሚሊ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ 3፣ 4 ሚሊ የሚገቡ ቀጫጭን መስመሮች፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን። ፊት ለፊት አይታዩም፣ ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ያበራሉ። በጥፍር ሲዳሰሱ አይያዙም። በመጋዝ ተቆርጦ በ400፣ በ600፣ ከዚያ በ1000 ውሃ ወረቀት የተፈተገው ቁራጭ እስካሁን ምንም አላለም።

ሼድ 11 (10፡36)
ጠርዙን በእሳት ማብረቅም ያው ውጥረት ነው የሚጨምረው፣ ያንን እንዳታስቡ።

ሼድ 3 (10፡44)
መፍትሔው ውጥረቱ እንዲለቅ ምድጃ ውስጥ ማሞቅ ነው። 80 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት አቆይቶ እዚያው ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ። የፓውደር ኮት (የዱቄት ቀለም ማብሰያ) ምድጃ እንከራይ።

ሼድ 2 (10፡50)
ፓውደር ኮት 180 እና 200 ላይ ነው የሚሠራው፣ 80 ላይ ልኩን ጠብቆ አይቆምልህም። አክሪሊክ 100 ካለፈ ይለሰልሳል። 60 ቶፕ እንደ ቆዳ ተጣጥፎ ይወጣል።

ሰብሳቢ (11፡10)
ጊዜ የለንም። ቶፑን ባለ ላሚኔት 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) አድርገን አማራጭ እናቅርብ። ከሺቱ ያው 6 ይወጣል። አክሪሊኩ ለፊት የዋጋ መለጠፊያ ብቻ፣ 1200 በ60፣ 3 ሚሊ፤ 2 ሺት ይበቃል። በመጋዝ ይቆረጥ፣ ይፈተግ።

ሼድ 7 (11፡14)
በመጋዝ ከሆነ የኔ ሥራ ምን ቀረ? ከ10 ሺት ወደ 2፣ ያውም ያለ ሌዘር። ድርሻዬን አሁን ጻፉልኝ፣ ካልሆነ ስሜን አውጡ።

ሼድ 11 (11፡19)
የጨረታው ሰነድ አክሪሊክ ነው የሚለው። አማራጭ የሚቀበል መሆኑን ማን አነበበ?

ገንዘብ ያዥ (11፡25)
አማራጭ ይቀበላል ይላል፣ ዋናው ግን አብሮ መቅረብ አለበት። ስለዚህ የአክሪሊኩ ፕሮፎርማ አሁንም ያስፈልጋል። ሼድ 5!

ሰብሳቢ (11፡32)
ፕሮፎርማውን ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ሄጄ አመጣለሁ። ሼድ 7፣ ፍተጋው ያንቺ ይሁን፤ 60 መለጠፊያ፣ አራቱም ጠርዝ። በቁራጭ ሒሳብ ይጻፍልሻል።

ሼድ 2 (11፡41)
ኤምዲኤፉ ጠርዙ ካልተዘጋ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ለአንድ ቶፕ 3.2 ሜትር፣ ለ60 192 ሜትር ጠርዝ ነው። የኔ የጠርዝ መለጠፊያ ማሽን ሙጫ ማቅለጫው ከተቃጠለ ቆይቷል። ባለ ሙጫውን የጠርዝ ጥብጣብ ገዝተን በካውያ መለጠፍ እንችላለን፣ ግን ለናሙናው ብቻ እንኳ ረቡዕ ማታ ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። ማን ይመጣል?