መኪና ማሳመር በጎንደር፦ የቱን ላስገጥም፣ የቱን ልተው?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ገዛ። እንኳን ደስ አለህ ብዬው ሳልጨርስ «ምን ምን ላስገጥምላት?» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ዝርዝር አሳየኝ። ስፖይለር (ከኋላ የሚገጠም ክንፍ)፣ ባለ ሁለት አፍ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ሰማያዊ መብራት፣ ኮፈን ላይ የሚለጠፍ አየር ማስገቢያ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አወራን። ለሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በየቀኑ የማየው ይኼንኑ ነውና።

በሚያስቀው ልጀምር። ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ የሚያህል ስፖይለር ተበስቶ ይገጠማል። ስፖይለር ሥራ የሚጀምረው በትልቅ ፍጥነት ነው። የጎሃን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ለምትወጣ መኪና የሚጨምርላት ክብደት ብቻ ነው፣ የተበሳው ቦታ ደግሞ በክረምት ውሃ ያስገባና ዝገት ይጀምራል። ኮፈን ላይ የሚለጠፈው አየር ማስገቢያ አየር አያስገባም፣ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። ፀሐይ ሙጫውን ስታላላው በአንድ በኩል ተገንጥሎ እንደ ጆሮ ይንጠለጠላል። ኮሮላ ላይ የመርሴዲስ ኮከብ የሚለጥፉም አሉ። ወገን፣ ኮሮላ እኮ በራሷ የተከበረች መኪና ናት!

የሚያሳስበኝ ግን መብራቱ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው።

የብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች የፊት አምፖል ኤች 4 የሚባለው ሃሎጅን ነው፤ አጭሩ 55 ዋት፣ ረጅሙ 60 ዋት። ከኋላው ያለው መስታወት የተሠራው ለዚያች ቀጭን ክር ቦታ ተለክቶ ነው። ርካሹን ኤልኢዲ አምፖል ስትከቱበት ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታ ስለሚዛነፍ ወደ ላይና ወደ ጎን ይበተናል። ለሹፌሩ ደማቅ ይመስለዋል፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ግን ዓይኑ ይጠፋል። የደባርቅን መንገድ በማታ የነዳ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ጠባብ ኩርባ ላይ ሁለት ሰከንድ አለማየት ይበቃል።

እኔም ደርሶብኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ፓራውልቴ ላይ ረጅም የኤልኢዲ ባር ገጠመልኝ። 120 ዋት ነው አሉኝ። በ12 ቮልት ይህ 10 አምፔር መሆኑ ነው። ሽቦውን ያለ ሪሌ (ከባዱን ኤሌክትሪክ በማብሪያው ፈንታ የሚሸከም)፣ ያለ ፊውዝ (ኤሌክትሪክ ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጥ) ከፊት መብራቱ መስመር ላይ ቀጠሉት። ከደባርቅ ስመለስ፣ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍኩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የመብራቱ ማብሪያ ከውስጥ ቀልጧል። ልጆቼ ከኋላ ተኝተው ነበር። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሜ የተሰማኝን አልረሳውም። በኋላ አንድ የቆዩ ኤሌክትሪሽያን ጋሼ ሁሉንም ነቅለው ከባትሪው ራሱን የቻለ መስመር በሪሌና በፊውዝ ዘረጉልኝ። ስለዚህ ኤሌክትሪሽያን ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ «ሪሌ ታደርጋለህ? ፊውዙስ የት ነው?» መልሱ «አያስፈልገውም» ከሆነ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አምፖሉ አይደለም፣ በፀሐይ ቢጫ የሆነው የመብራቱ ፕላስቲክ ነው። የጎንደር ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ግዙ፣ ቁጥር 800፣ 1500፣ 2000 (ቁጥሩ ሲጨምር ይለሰልሳል)። በዚሁ ቅደም ተከተል ውሃ እያርከፈከፋችሁ ፈትጉ፣ ከዚያ ማወልወያ ኮምፓውንድ፣ መጨረሻ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ቀቡ። ክሊሩን ከዘለላችሁት በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በጥርስ ሳሙና የሚያጸዱም አሉ፣ እሱ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ልዩነቱ ግን ያስደንቃል።

መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ሞላ ማስቆረጥ? በጭራሽ። ኮብልስቶን ላይና በየጉብታው ሆዷን እያፋተገች የምትሄድ መኪና አያሳዝናችሁም? የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ጎማው ሲወርድም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በዚያ ብር አሞርዛተር (የሞላውን ንጠት የሚያረግበውን) ቀይሩ።

ማርሚታ ማስነቀልም ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

የወንበር ልብስ ላይ ግን ብር አውጡ፣ አልከለክልም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ለሁሉም መኪና ይሆናል ይባላል፣ ስለዚህ ለማንም በልኩ አይሆንም፤ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ አብሯችሁ ይንሸራተታል። ለክቶ የሚሰፋ ባለሙያ ይሻላል። መኪናው ወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት) ካለው ግን ያን ስፌት እንዳይሸፍነው ንገሩት።

ለባጃጅ ወንድሞቼ አንድ ነገር። መጋረጃው፣ አበባው፣ የመላእክቱ ሥዕል ያምራል፣ እወደዋለሁ። ግን የኋላውን መስታወት ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት። ከፊት ቀይ መብራት አታድርጉ፣ በጨለማ የሚሄድ ይሁን የሚመጣ አይለይም። በዚያ ፈንታ ከኋላ አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፉ። ርካሽ ነው፣ ከሩቅ ይታያል።

ጥር ሲመጣ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ነው። ሪባኑን ቀለሙ ላይ በፕላስተር አትለጥፉት፣ በተለይ መኪናው እንደገና የተቀባ ከሆነ። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይመጣል። በስፖኪዮና በበር እጀታ እሰሩት።

የአክስቴ ልጅ ማርሚታውንና ሰማያዊውን መብራት ሰርዟል። ብርጭቆ ወረቀቱን ገዝቷል፣ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ አብረን እንፈትጋለን። ስፖይለሩ ላይ ገና አልተስማማንም። ጎንደር ውስጥ ወንበር ለክቶ በደንብ የሚሰፋ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን፣ እየፈለግን ነው።