በቼዝ አንድ ወታደር እየበለጥኩ ሰዓቴ አልቆ እሸነፋለሁ

ሰላም፣ ባሕር ዳር ነኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ በስልኬ ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ የ10 ደቂቃ ቼዝ እጫወታለሁ፤ ነጥቤ 1480 አካባቢ ነው። በነጭ ሁሌ የምከፍተው ሎንደን በሚባለው አከፋፈት ነው፤ 20ኛው እርምጃ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ወታደር እበልጣለሁ።

የሚያቅተኝ ከንጉሥና ከወታደር ሌላ ግንብ ለግንብ ብቻ ስንቀር ነው። አንድ ወታደር ስበለጥ አቻ ለመውጣት የሚረዳውን ፊሊዶር የሚባለውን መከላከል አጥንቼ ችዬዋለሁ፦ ግንቤን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቆየዋለሁ፣ የተጋጣሚዬ ወታደር እዚያ ረድፍ ላይ ሲገፋ ግንቤን ወደ ሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ ወስጄ ንጉሡን ከኋላ ቼክ እላለሁ። በ10 ደቂቃ ማሸነፉ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ባለፉት 30 ጨዋታዎች 9 ጊዜ እንዲህ በልጬ 7ቱን በሰዓት ተሸነፍኩ። በ15 ደቂቃና በየእርምጃው በ10 ሰከንድ ጭማሪ ስሞክር፣ ጨዋታው ካለቀልኝ አሸንፋለሁ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግን ረጅሙን ብዙ ጊዜ መጨረስ አልቻልኩም።

2 ደቂቃ ብቻ ሲቀረኝ መጀመሪያ ንጉሤን ወደ መሐል ላውጣ ወይስ ግንቤን ከወታደሬ ኋላ ላቁም?