የፕሮሰሰሬ ፋን ቆሟል፤ ፋኑን ብቻ መቀየር ይበቃል?

ጠያቂው፦
ሰላም ወገኖች። ዴስክቶፔን ሳስነሳው «ሲፒዩ ፋን ኤረር» ይለኛል። ኤፍ1 ስጫን ይገባል፣ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ይላል። ኬዙን ከፍቼ ሳይ የፕሮሰሰሩ ፋን ትንሽ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ኢንቴል ነው፣ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) 1151። ማቀዝቀዣው አብሮት የመጣው ክቡ ነው፤ አራት የፕላስቲክ እግር አለው። ፋኑን ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን? እስከዚያ ድረስስ ልጠቀምበት?

ብሎን ፈቺ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፦ አትጠቀምበት። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙቀቱ አሁንም ከጨመረ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ያንተም የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ግን ለመግዛት አትቸኩል። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ፋኑን በጣትህ አዙረው። አቧራ ጠቅጥቆት ወይም ሽቦ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የኬዙን ፋን ነቅለህ «ሲፒዩ ፋን» የሚለው ቦታ ላይ ሰክተህ አስነሳ። እሱ ከዞረ ማዘርቦርዱ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ደህና ነው ማለት ነው። መዞር አለመዞሩን እንዳየህ ወዲያው አጥፋው።

ጠያቂው፦
የኬዙ ፋን ዞረ። የኔው ግን በጣት ስገፋው ራሱ ይንቀራፈፋል።

ዝምተኛው፦
መሃሉ ላይ ያለውን ስቲከር አንሳና አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት አድርግበት። የኔ ተነስቷል።

ብሎን ፈቺ፦
ለስንት ቀን? እኔም ሞክሬው ነበር። በሳምንቱ ያው መንጫጫት ጀመረ።

ዝምተኛው፦
እሺ፣ አዲሱ እስኪገዛ በል 😀

ቅባቷ፦
ያንተ ዓይነቱ ፋን የራሱ የፕላስቲክ ክፈፍ ስላለው ሌላ ፋን በቀላሉ አይገጥምለትም። ሙሉውን ማቀዝቀዣ ቀይረው። ረጅሙ፣ ፋኑ በሽቦ የሚታሰረው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ፋኑ ብቻ ይበቃ ነበር፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም አይነካም።

ስትገዛ ለ1151 የሚሆን በል። 1150፣ 1155 እና 1200ም ቀዳዳቸው አንድ ነው። የ775 እና የ1700 ግን የቀዳዳዎቹ ርቀት ስለሚለይ አይገጥምም። የፋኑ መሰኪያ ባለ 4 ፒን ይሁን፤ አራተኛው ሽቦ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ነው። ባለ 3 ፒንም ይሠራል፣ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ካላስተካከልከው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ሊጮህብህ ይችላል።

አሮጌውን ለማንሳት አራቱንም እግሮች ከሰዓት በተቃራኒ ሩብ ዙር አዙርና ወደ ላይ ሳብ። ካልላቀቀ በኃይል አትጎትት፤ ቀስ እያልክ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርገው። የደረቀውን ቅባት አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። አዲስ ቅባት ካደረግክ የአተር ፍሬ የምታህል መሃሉ ላይ ትበቃለች። አዲሱ ሥሩ ላይ ግራጫ ቅባት ተቀብቶ ከመጣ ሌላ አትጨምርበት።

እግሮቹን በሰያፍ ትይዩ፣ ሁለት ሁለቱን ጫን። እያንዳንዱ «ቀጭ» ማለት አለበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጠያቂው፦
ገጥሜው መጣሁ። ፋኑ ይዞራል፣ ኤረሩም ጠፍቷል። ግን ባዮስ ውስጥ ምንም ሳልከፍት 84 ዲግሪ ይላል!

ቅባቷ፦
አንዱ እግር አልገባም። ማዘርቦርዱን ከጀርባው እየው፤ አራቱም ጥቁር ጫፎች በነጩ መሃል ወጥተው መታየት አለባቸው። ደግሞ አዲሱ ሥር ላይ ላስቲክ ከነበረ አንስተኸዋል?

ጠያቂው፦
ላስቲኩን አንስቻለሁ። በስተግራ ከላይ ያለው እግር ግን ግማሹ ነው የገባው። አንስቼ፣ ጠርጌ፣ እንደገና ቀባሁት፤ አሁን አራቱም ቀጭ አሉ። 36 ዲግሪ ላይ ቆሟል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ እያየሁበት ነው፣ አልጠፋም። እግዜር ይስጥልኝ!

ዝምተኛው፦
አሮጌውን አትጣል፤ ዘይቱን ልሞክርበት።