የአቦርጂናል ማኅበረሰብ የሚያስተዳድረውን የቤተሰብ ጥቃት ድጋፍ አገልግሎት ምሪ ተባልኩ፤ ምን ልወቅ?

ጥያቄ (ከሜልበርን)
ሰላም ለሁላችሁ። ሶሻል ወርከር ነኝ። የምሠራው የአቦርጂናል ማኅበረሰብ (የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች) ራሱ በሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። በቤተሰብ ጥቃት የተጎዱ ሴቶችንና ልጆችን እንደግፋለን። የአቦርጂናል ተወላጅ የሆነችው ሥራ አስኪያጃችን ለጥቂት ወራት ፈቃድ ልትወጣ ነው። ቦርዱ እስክትመለስ ቦታዋን እንድሸፍን ጠየቀኝ። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን እኔ ሐበሻ ነኝ። ይህ ድርጅት የተቋቋመው ሌላ ሰው እየመጣ በእነሱ ሕይወት ላይ እንዳይወስን ነው። ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? ከተቀበልኩ ከቦርዱና ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዴት ልሥራ? ደግሞ ብዙ እናቶች ልጆቻችን ይወሰዱብናል ብለው ስለሚፈሩ ሙሉውን አይነግሩንም። ሠራተኞቹም በጣም ዝለዋል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1 (የመጠለያ ሠራተኛ፣ ሰንሻይን)
እህቴ፣ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። መልስ ከመስጠትሽ በፊት ቦርዱን አንድ ነገር ጠይቂ። ከውስጥ የአቦርጂናል ተወላጅ የሆነች ሠራተኛ ለምን አልታጨችም? «የሚፈልግ ጠፋ» ካሉሽ በዚያ አትለፊው። ብዙ ጊዜ ልምድ ያላት ሴት እዚያው አለች። ያስፈራት በጀቱና ለመንግሥት የሚጻፈው ሪፖርት ነው። እንደዚያ ከሆነ ሥራውን ለሁለት ያዙት። ገንዘቡን፣ ሪፖርቱንና የቢሮ ስብሰባውን አንቺ ተሸከሚ። ስለ ሴቶቹና ስለ አሠራሩ የመጨረሻው ቃል የእሷ ይሁን። ደመወዟም በዚያው ልክ ይስተካከል። ይህ ሁሉ በቦርዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ በቃል ብቻ ከቀረ ነገ ማንም አያስታውሰውም።

ይህን የምልሽ ለይሉኝታ አይደለም። እነዚህ ድርጅቶች ከትግል የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲድኒ ሬድፈርን ውስጥ የራሳቸውን የሕግ አገልግሎት፣ በ1971 ደግሞ የራሳቸውን የሕክምና አገልግሎት አቋቋሙ። የመንግሥት ቢሮና ሆስፒታል ክብር ሲነፍጋቸው ማለት ነው። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛትም ጂራ የሚባለው ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የአቦርጂናል ሴቶችን በሕግና በሌላም ድጋፍ ያግዛል። ከምሥረታው ጀምሮ የመራችው አንቶኔት ብሬይብሩክ ናት፤ እሷም የኩኩ ያላንጂ ተወላጅ ናት። ሴቶቹ ሌላ ቦታ የማይሉትን እዚያ የሚሉት የሚሰማቸው ሰው ከየት እንደመጡ ስለሚያውቅ ነው። አንቺ ቦታውን ስትይዢ ይህ እምነት እንዳይነካ መጠበቅ ትልቁ ሥራሽ ነው።

መልስ 2 (የሕግ ባለሙያ)
ስለ ልጆቹ ልጨምር። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። መንግሥት ለአሥርተ ዓመታት የአቦርጂናል ልጆችን ከእናቶቻቸው እየነጠቀ ወስዷል፤ የተሰረቀው ትውልድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጉዳዩን ያጣራው ብሔራዊ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። መንግሥት በፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው ግን በየካቲት 2008 ነው። ዛሬ ቢሯችሁ የምትመጣው እናት አያቷ ወይም እናቷ የተወሰደች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዝም ስትል «አልተባበርም አለች» ተብሎ ፋይሏ ላይ እንዳይጻፍ።

በተግባር ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ እናትየዋ ምንም ከመናገሯ በፊት የትኛው መረጃ ከቢሮው እንደሚወጣና የትኛው እንደማይወጣ በግልጽ ንገሯት። በቪክቶሪያ ሕግ የተጎዳችው ሴት መረጃ ያለ ፈቃዷ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ከባድ አደጋ ሲኖር ወይም ጉዳዩ የልጅን ደኅንነት ሲነካ ነው። ይህንን ቀድማ ካወቀች በኋላ ተከዳሁ አትልም። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ የመንግሥት ሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ጋ ከመድረሱ በፊት ጠበቃ አገናኟት። ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ጉዳዩ እዚያ ከደረሰም በቪክቶሪያ የሕፃናት ሕግ ክፍል 18 የሚባል መንገድ አለ። በእሱ መሠረት የልጁ ኃላፊነት ለአቦርጂናል ድርጅት ሊተላለፍ ይችላል። ቫካ የተባለው የአቦርጂናል የሕፃናት ድርጅት ይህን ሥራ ከ2017 ጀምሮ እየሠራ ነው።

ሌላም አለ። ፖሊስ ቤት ሲደርስ ሴትዮዋ ተቆጥታ፣ እየጮኸች፣ አንዳንዴም ራሷን ስትከላከል ያገኛታል። ባልየው ደግሞ ረጋ ብሎ ያወራል። በዚህ ምክንያት ተጎጂዋ እንደ ጥቃት አድራሽ የምትመዘገብበት ጊዜ አለ። የአቦርጂናል ሴቶች ላይ ይህ በብዛት ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የጥቃት መከላከያ ትእዛዝ የወጣባትን ሴት በሩ ላይ እንዳትመልሷት። ሠራተኞችሽ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የቆየውን ታሪክ ይመልከቱ።

ጥያቄ (ጠያቂዋ)
በጣም አመሰግናለሁ። የሽማግሌዎቹ ነገር ግን አሁንም አስጨንቆኛል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲገባ ሴቷ ተለምና ወደዚያው ቤት የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚህስ?

መልስ 3 (ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ሠርቻለሁ)
ልጄ፣ ሥጋትሽ ይገባኛል። ግን የእኛን ሽማግልና እዚያ ይዘሽ አትሂጂ። እኔ በነበርኩበት በረሃማ አገር የሴቶቹን ጥያቄ ያነሱት ትልልቅ ሴቶች ራሳቸው ናቸው። በማዕከላዊ አውስትራሊያ ኤንፒዋይ የሴቶች ምክር ቤት የሚባል አለ። ሴቶቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ያቋቋሙት የመሬት መብት ሲመከር የእነሱ ድምፅ ስላልተሰማ ነው። ሦስት ግዛቶች በሚገናኙበት፣ 350,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን አገር ላይ ይሠራል። የቤት ውስጥ ጥቃት አገልግሎት የጀመሩት በ1994 ነው። «ይብቃ» ያሉት አያቶች ናቸው።

ስለዚህ አንቲ እና አንክል የሚባሉትን ታላላቆች ቀድመሽ ስሚ። ሻይ አፍልተሽ ተቀመጪ፤ አጀንዳ ይዘሽ አትቅረቢ። ግን አንድ ነገር ጠብቂ። ዘመዱ ጥቃት አድራሹ የሆነ ሰው ስለዚያች ሴት በሚወሰንበት ቦታ አይቀመጥ፤ የቦርድ አባልም ቢሆን። ሁሉም ሰው በዝምድና በተሳሰረበት ማኅበረሰብ ይህ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ደንቡ ዛሬ፣ ማንም ሳይጣላ ይጻፍ። ፋይሉንም ማን ከፍቶ ማየት እንደሚችል ይወሰን።

ስለ ሠራተኞችሽ ደግሞ ልንገርሽ። እነሱ ከሥራ ሲወጡ ሥራው አብሯቸው ይወጣል። ገበያ ላይ ደንበኛዋን ያገኟታል፤ ቀብር ላይ ባልየውን ያገኙታል። በቅዳሜ ማታ ስልካቸው የሚጮኸው የአክስታቸው ልጅ ተደብድባ ነው። ይህንን የሥራ ሰዓት ሠንጠረዥ አያሳይሽም። ሰው ሲሞት ሶሪ ቢዝነስ የሚሉት የሐዘን ጊዜ አላቸው፤ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የሐዘን ፈቃዱ ለዚያ ይብቃ፤ «የቅርብ ዘመድ ናት?» ብለሽም አትመርምሪ። ከድርጅቱ ውጭ የሆነ፣ የአቦርጂናል ተወላጅ አማካሪ የሚያገኙበትን ገንዘብ በበጀት ያዢ። ለአቦርጂናልና ለቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሰዎች 13 92 76 ላይ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ የራሳቸው ሰዎች የሚመልሱት መስመርም አለ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ለሠራተኞቹም ነው።

መልስ 4 (የወንዶች አማካሪ)
አጠር ላድርገው። የአቦርጂናል ሴትን የሚመታው ሁልጊዜ የአቦርጂናል ወንድ አይደለም። የሌላ ዘር ባልና ጓደኛ ያላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ገንዘብ ሰጪዎች ጋ ስትቀርቢ ይህንን በደንብ አስረጂ፤ ካልሆነ ጥፋቱ ሁሉ በባህላቸው ላይ ይለጠፋል። ለወንዶቹ ደግሞ እዚሁ ሜልበርን ዳርዲ ሙንዉሮ የሚባል በአቦርጂናል ሰዎች የሚመራ ድርጅት አለ። ወንዱን ከባህሉና ከቁስሉ ጋር አገናኝቶ ስላደረሰው ጥቃት ተጠያቂ ያደርገዋል። ከእነሱ ጋር ትውውቅ ይኑርሽ። ግን የሴቶቹ ቢሮና የወንዶቹ ፕሮግራም በአንድ በር አይግቡ።

ጥያቄ (ጠያቂዋ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የእርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማክሰኞ ከቦርዱ ጋር እገናኛለሁ። ብቻዬን አልቀበልም። አብረን ከምንሠራው መካከል ቆየት ያለች፣ ሴቶቹ ሁሉ የሚያምኗት ባልደረባ አለችን። ዛሬ አነጋገርኳት። «በጀቱን ካስተማርሽኝ እሺ» አለችኝ። ሥራው ለሁለት እንዲከፈል፣ ደመወዟ እንዲስተካከልና የዘመድ ጉዳይ ደንብ ከመጀመራችን በፊት እንዲጸድቅ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ደንብ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።