ጥቆማ፦ የልጅ ጥርስ የት ላሳክም? ሳሙናውስ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ (ገርጂ)፦ ሰላም እናቶችና አባቶች። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፤ የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ጠቁረው መሸራረፍ ጀምረዋል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀል» አለኝ። አማቴ ደግሞ «ራሱ ይወድቃል፣ ተዪው» ይላሉ። የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

የመንታ እናት፦ እህቴ፣ ከመነቀሉ በፊት ሌላ ሐኪም ይያት። የፊቶቹ 7 ዓመት ገደማ ይወድቃሉ፤ የኋላዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ያገለግላሉ። እነሱ ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤት ጥርስ ወደ ክፍቱ ያዘነብልና ቋሚው ቦታ ያጣል። መግል ከቋጠረ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ጡጦ ይዛ የምትተኛ ከሆነ ዛሬውኑ አስጥያት፤ ስኳር ያለው ሻይ ከሆነማ አይወራ።

ቦታውን በተመለከተ፦ የመንግሥት ሆስፒታል ዋጋው ቀላል፣ ወረፋው ከባድ ነው። ፊት ካበጠ ወይም ወድቃ መንጋጋዋን ከተመታች እኔ የካቲት 12 ሆስፒታል ነው የምወስደው፤ የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና አለው። የሰፈር ክሊኒክ ለቀላል ሙሌት ይበቃል፤ ችግሩ ልጅ ሲያለቅስ ቶሎ ወደ መንቀል መሄዳቸው። የልጆች ነን የሚሉት ትዕግሥታቸው ደስ ይላል፣ ሂሳባቸው ግን ያስደነግጣል። ለነገሩ ግድግዳ ላይ የተሳለ ካርቱን መሣሪያ አያመክንም።

የጥርስ ክፍል ነርስ፦ የመጨረሻዋን እደግማለሁ። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ፊታችሁ ይከፈት፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለም ካልቀየረ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ውስጥ አልገባም ማለት ነው። መርፌውም ማደንዘዣውም አዲስ ይሁን፤ በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም። የማደንዘዣ መጠን በኪሎ ስለሚሰላ ክብደቷን ካልጠየቁ ራሳችሁ ንገሯቸው። እስኪለቃት ድረስ ከንፈሯን እንዳታኝክ ምግብ አትስጧት። «እናስተኛትና እንሥራ» ካሉ፣ ለዚያ የሠለጠነ ባለሙያና ኦክስጅን አለ ወይ በሉ። ከሌለ ሆስፒታል ውሰዷት።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቤንዞኬይን የሚባል ማደንዘዣ ያለበት የድድ ጄል አይገዛም። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከ8 ዓመት በታች ጥርስ ያበልዛል። «ግግ ነው» ብሎ የሕፃን ድድ የሚቧጥጥ ሰው ጋማ እባካችሁ አትሂዱ፤ ደም መፍሰስና ቴታነስ አለው፣ የሚበቅለውንም ጥርስ ያበላሻል።

አባ ቢኒ፦ ስለ ሳሙና ልበል። እንጆሪ እንጆሪ የሚሉት አንዳንዶቹ ጥርስ እንዳይበሰብስ የሚከላከለው ፍሎራይድ ጭራሽ የላቸውም። ካርቶኑን አዙራችሁ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን ነው) የሚለውን ፈልጉ። ቤት ያለው ተራ ኮልጌት ወይም ሲግናል ከውዱ የልጆች ሳሙና የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ብቻ። ማታ ከታጠበች በኋላ ከውሃ በቀር ምንም የለም፤ 7 ዓመት እስኪሞላት ብሩሹን አንቺ ያዢው። መፋቂያ ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው፤ በትንሽ ልጅ እጅ ግን ድድ ይወጋል፣ የኋላውንም አይደርስም።

ከመቂ፦ እኛ ጋ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወንጂና ዝዋይ አካባቢ የበለዘ ጥርስ ያላየ የለም። ማፍላት አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይጠናከራል። ለልጅ የሚጠጣውንና የሚበሰልበትን ውሃ ከሌላ ምንጭ አምጡ። ሳሙናውን አታቋርጡ፣ መትፋት ግን አስተምሩ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስልክ ስደውል መጀመሪያ ምን ልጠይቃቸው?

የጥርስ ክፍል ነርስ፦ «ስትታከም አጠገቧ መቀመጥ እችላለሁ?» በያቸው። አይቻልም ካሉሽ ሌላ ቦታ ደውዪ።