የአባቴ የድሮ የመድን ውል ለተበከለ ግቢ ማጽጃ ይከፍል ይሆን?

ሰላም ወገኖቼ። ቦታው ኮምቦልቻ ነው። አባቴ በጃንሆይ ዘመን እዚህ ግቢ ነዳጅ ይሸጥ ነበር። ማደያው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ታንከሩ ግን እዚያው መሬት ውስጥ ቀርቷል። አሁን ለቤት መሠረት ስናስቆፍር አፈሩ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። የጎረቤታችን ሐጂም የጉድጓዳቸው ውኃ ዘይት እየሰፈፈበት “አጽዱልኝ” ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ የ1995ቱ የብክለት ቁጥጥር አዋጅም ያጽዳ የሚለው በካዩን ነው።

ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? ከአባቴ ሣጥን የ1960ዎቹ መጀመሪያ የመድን ውል አገኘሁ። የእሳት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትም አለበት፣ ብክለትን ከሽፋኑ የሚያስቀር ቃል የለውም። አሜሪካኖች በነሱ አቆጣጠር ከ1986 በፊት በተገዙ እንዲህ ባሉ ውሎች ብዙ ቦታ አስጸድተዋል፤ ጉዳቱ የደረሰው በውሉ ዘመን ከሆነ ዘግይቶ መታወቁ ብቻውን ክፍያውን አያስቀርም።

ወደኛ ስመጣ ወላሂ ግራ ይገባኛል። ውሉን የሸጠው ኩባንያ በ1967 ከተወረሱት አንዱ ነው። የነሱን ሀብትና ዕዳ የተረከበው በ1968 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ስለሆነ ጥያቄዬን ለሱ ላቅርብ? በ1952ቱ የንግድ ሕግ ያለው የሁለት ዓመት ይርጋስ (የመጠየቂያ ጊዜ ገደቡ) ብክለቱን ካወቅንበት ቀን ይቆጠራል ወይስ ሐጂ ከጠየቁን? ታንከሩ ማፍሰስ የጀመረው ውሉ ሳያልቅ መሆኑን በምን አስረዳለሁ፣ የአፈር ምርመራ ይበቃል? ደሴ አካባቢ የመድን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ቁፋሮውን አስቁሜ ነው የምጠብቃችሁ።