ለጥቁርና ነጭ ህትመት ውድድር የት እናሳትም?

የክበባችን የጥቁርና ነጭ ህትመት ውድድር እየቀረበ ነው። ከደብረ ብርሃንም ከደብረ ሲናም ያላችሁ ልጆች የምትጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ «የት ይሻላል?» እስካሁን ያሳተምኩባቸውን አወዳድሬ ልንገራችሁ።

ዳኛ ህትመት ሲያነሳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግራጫው ላይ ነው። ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ካዘነበለ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ነጥብ ይጥላል። ፊያፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌዴሬሽን ደንብም እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ፎቶው ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀለም ከተነከረ፣ ለምሳሌ ቡናማ ከሆነ፣ ሞኖክሮም (ባለ አንድ ቀለም) ነው፤ ከጥቁርና ነጭ ጋር ይቆጠራል። ከፊሉ ብቻ ከተቀለመ ግን ወደ ባለቀለም ምድብ ይዛወራል።

ደብረ ብርሃን ካሉት ፎቶ ቤቶች ልጀምር። ለጉርድ ፎቶና ለሠርግ አልበም እጃቸው የተባረከ ነው፤ ቅርብ ናቸው፣ ካልጣማችሁም በዚያው ቀን ተመልሳችሁ ታስደግማላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ፕሪንተሩ ላይ ነው። እንደ ኤፕሰን ኤል 805 እና ኤል 1800 ያሉት ስድስት ቀለም አላቸው፣ ግራጫ ግን የላቸውም። ግራጫውን ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከቢጫ እየቀላቀሉ ነው የሚሠሩት። ትንሽ ከተዛባ ወዲያው ያስታውቃል። ኤል 8180 ግን የራሱ ግራጫ ቀለም አለው፤ ከኤ3 ትንሽ በሚበልጠው በኤ3 ፕላስ ወረቀትም ያትማል። ስለዚህ ከዋጋ በፊት «ማሽናችሁ ግራጫ ቀለም አለው?» በሉ።

አዲስ አበባ ያሳተምኩባቸው የፎቶ ላቦች በብርሃንና በኬሚካል ነው የሚያትሙት። ጥቁራቸው ጥልቅ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ወረቀቱ የባለቀለም ፎቶ ወረቀት ስለሆነ እነሱም ማሽኑን በየጊዜው ካላስተካከሉ ግራጫው ይዛባል። ካልተመቻችሁ ደግሞ እንደገና 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ለአንድ ፎቶ ብቻ አልመክርም፤ ተሰባስባችሁ አንድ ሰው ብትልኩ ግን ያዋጣል።

ባነር የሚሠሩትን ማስታወቂያ ቤቶች ለዚህ ሥራ ተዉአቸው። ማሽናቸው የተሠራው ከሩቅ ለሚታይ ነገር ነው።

የትም ብትሄዱ መጀመሪያ ትንሽ ሙከራ አሳትሙ። ከፎቷችሁ ላይ ጥቁሩም ነጩም ያለበትን ቁራጭ፣ አሥር በአሥራ አምስት ሳንቲም ሜትር፣ በዚያው ወረቀት። ከዚያ ከሱቁ ደጃፍ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። አምፖል ሥር ንጹሕ የመሰለ ግራጫ ውጭ ሲወጣ መልኩን ይቀይራል። «አውቶ» የሚሉትን ማሳመሪያ እንዲያጠፉም ንገሯቸው። አንድ ቤት የጣርማበርን ጉም በዚህ የተነሳ ባዶ ነጭ ወረቀት አድርጎብኛል፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ፎቶውን በቴሌግራም ከላካችሁ ደግሞ እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል። ለ30 በ40 ሳንቲም ሜትር ህትመት 3,543 በ4,724 ፒክስል ካላችሁ ከበቂ በላይ ነው።

ወረቀቱን እንደ ፎቶው ምረጡ። ለጉምና ለማለዳ ውርጭ ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት እወዳለሁ፤ ስስ ግራጫዎቹ ሳያንጸባርቁ ይታያሉ። የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ላነሳችሁ ግን ለስለስ ያለ አንጸባራቂ ይሻላል፤ ጎፈሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ማት ላይ ይደክማል። ጭላዳን ካነሳን አይቀር፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ከጠጉሩ ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ይችላል። ፎቶውን ስትቀይሩ የቀዩን ብርሃን ከፍ አድርጉት፣ ደረቱ ፈክቶ ይወጣል። ለቀይ ቀበሮ ተቃራኒው ነው። የቀዩን ብርሃን ዝቅ ካደረጋችሁ የጉሮሮው ነጭ ከሰውነቱ ተለይቶ ይታያል። እንዲህ ያለ እንስሳ በደጃችን እያለ ውድድሩን በአበባ ፎቶ ብቻ ባንሞላው ደስ ይለኛል።

ፍሬም ቤት ስትሄዱ ዙሪያውን የሚይዘው ካርቶን ነጭ ወይም ነጣ ያለ ይሁን፤ ክሬም ከሆነ ግራጫው ሰማያዊ ይመስላል። ህትመቱን ከላይ በኩል ብቻ በቴፕ ያስይዙት፤ አራቱም ጎን ከታሰረ ወረቀቱ ይጨማደዳል። ላሚኔሽን አይደረግበት። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር በመኪና የምታመጡ ደግሞ አትጠቅልሉት፤ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል አድርጋችሁ፣ የህትመቱ ፊት ላይ ንጹሕ ወረቀት ጣል አድርጉበት።